አጥፍቼው ይሆናል

ባለፈው ወር የእጅ ሰዓቴ ባትሪ አለቀና ፍራንክፈርት፣ ኖርድቬስትሽታት የገበያ ማዕከል ውስጥ ወዳለች አንዲት ትንሽ ሱቅ ገባሁ። ሻጯ ባትሪውን እስክትቀይር መስታወት ስር የተደረደሩትን ያገለገሉ ሰዓቶች እያየሁ ቆየሁ። ከመካከላቸው አንዲት የሴት የወርቅ ሰዓት ነበረች፤ ፊቷ ከአውራ ጣቴ ጥፍር የማይበልጥ፣ ማሰሪያዋ ቀጭን፣ ዱሮ የዚህ አገር ባሎች ለሚስቶቻቸው በሃያ አምስተኛ ዓመት ጋብቻቸው የሚገዙላቸው ዓይነት። ጠጋ ብዬ ሳይ ሻጯ ሥራዋን ትታ እጄን አየች። ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው። ካፖርቴ ጥሩ ካፖርት ነው። እዚህ አገር ግብር መክፈል ስጀምር እሷ አልተወለደችም። ቢሆንም እጄን አየች። እንደ ዱሮዬ ቢሆን አለቃዋን አስጠርቼ ሱቁን ቀውጢ አደርገው ነበር። ባለፈው ወር ግን እጆቼን ከመስታወቱ ላይ አንስቼ ኪሴ ከተትኩ፤ ወይንሸት ትዝ አለችኝ።

ዓመቱን አትጠይቁኝ። የዓለም ዋንጫ እዚህ የተደረገበት በጋ አልፎ፣ ባንዲራዎቹ ከመኪኖች መስኮት ወርደው፣ ሰው እንደገና ባቡር ውስጥ መኮሳተር የጀመረበት ጊዜ ነበር። ዶነር የሚባለው የቱርኮች ሥጋ በዳቦ ሦስት ዩሮ ነበር፤ ሽንኩርት ብዙ አድርግልኝ ካላችሁት በዚያው ዋጋ ሁለት ሰው ያጠግባል። ካይዘርሽትራሰ መንገድ ጥግ ላይ ከነበሩት ስልክ ቤቶች በአምስት ዩሮ ካርድ እንገዛና አዲስ አበባ ደውለን ገና ስለ ጤና ተጠያይቀን ሳንጨርስ አንዲት ሴትዮ በእንግሊዝኛ ታቋርጠን ነበር። ስልኩ ራሱ እንደ መጽሐፍ የሚታጠፍ ነበር፤ ሰው ሲናደድ ጧ አድርጎ ይዘጋዋል፤ አሁን በጣት ዳብሶ መዝጋት ምን ንዴት ያወጣል? አዲስ የመጡት ልጆች ነጭ ጫማ አድርገው፣ ሴቶቹ ፀጉራቸውን በጋለ ብረት ቀጥ አድርገው፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ በር ላይ ይሰለፉ ነበር። እዚያው በር ላይ አንድ ሰውዬ አዳዲስ የሠርግ ዘፈኖችን በሲዲ ገልብጦ በሦስት ዩሮ ይሸጥ ነበር። ስለ ስርቆት ካነሳን እንግዲህ እሱም ስርቆት ነው፤ ዘፋኞቹ ከሳንቲሙ ላይ ሳንቲም አላዩም። ሁላችንም ግን ገዝተናል፤ የተከሰሰም የለም።

እኔ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛ ነበረኝ። ዚንድሊንገን ኬሚካል ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቼ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ እሑድ እሑድ የልጆቹን ደብዳቤ አነብላቸው፣ መልስም እጽፍላቸው ነበር። ከጤና መድን፣ ከውጭ ዜጎች ቢሮ፣ ከአከራይ የመጣውን ሁሉ ይዘው ይሰለፋሉ። ጀርመኖቹ ራሳቸው የሚሳሳቱትን ሰዋስው እኔ አልሳሳትም ነበር፤ ይህንንም ያልነገርኩት ሰው የለም። ልጆቹ ከመቀመጫቸው ተነስተው «ጋሼ» ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ አሁን ምን ያስዋሸኛል። አጠገቤ ጓደኛዬ ተፈራ ይቀመጣል። ተፈራ አገር ቤት ሕግ ፋኩልቲ ዓመት ተኩል ተምሯል። ቀሪውን ዘመኑ በላበት፤ ከዚያ ወዲህ ፍራንክፈርት ውስጥ ታክሲ ሲነዳ ኖሯል። የክስ ነገር ሲመጣ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው የሚያስጠጋው እሱ ነው።

ወይንሸት የደሴ ልጅ ናት። ያን ጊዜ ሃያ ስድስት ቢሆናት ነው። ከቤት ቤት እየሄደ አረጋውያንን ለሚረዳ አንድ ድርጅት ትሠራ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ሳክሰንሃውሰን ሰፈር ወደሚኖሩ አንዲት አሮጊት ትሄዳለች፤ ታጥባቸዋለች፣ ታለብሳቸዋለች፣ አልጋቸውን ታነጥፋለች። አሮጊቷ መርሳት ጀምረዋል። ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን የአበባ ማሰሮ ውስጥ ይቀብራሉ፣ ነጠላ ጫማቸውን ማቀዝቀዣ ውስጥ ይከታሉ። ወይንሸት ይህን እየሳቀች ስታወራን አዳራሹ ሁሉ ይስቅ ነበር። ሳቋ የሚያስቀና ነበር። በመጪው መስከረም የአረጋውያን ነርስነት ትምህርት ልትጀምር ተቀባይነት አግኝታ ነበር፤ ደብዳቤውን የጻፍኩላት እኔ ነኝ። የመኖሪያ ፈቃዷም በዚያ ትምህርት ላይ የተንጠለጠለ ነበር። የጎደላት ፉሩንግስጾይግኒስ የሚባለው፣ ሰውየው የወንጀል ቅጣት የለበትም ብሎ መንግሥት የሚሰጠው ወረቀት ብቻ ነበር። በልጅቷ ሕይወት ውስጥ ከዚያ ወረቀት የሚበልጥ ነገር አልነበረም።

አንድ እሑድ ሰልፉን ጥሳ መጣች። ፊቷ አብጧል።

«ጋሼ፣ ጉድ ሆንኩልዎ» አለች። «የሴትዮዋ የወርቅ ሰዓት ጠፋ። ልጃቸው እኔን ነው የያዘችው። መሥሪያ ቤቱም እስኪጣራ አትምጪ አለኝ።»

«መቼ?» አለ ተፈራ፣ ወንበሩን እያስጠጋ።

«ሐሙስ። ምናልባት እኔ አጥፍቼ ይሆናል…» አለችና እንባዋ ቀደማት።

ተፈራና እኔ ተያየን። አጥፍቼ ይሆናል ብላለች፤ ከዚህ በላይ ምን ትበል? በእኛ ወግ ጥፋተኛ ሰው «አጥፍቻለሁ» ካለ ቀሪው የሽማግሌ ሥራ ነው፤ ልብሱን እንደማስወለቅ አድርጎ መጠየቅ ነውር ነው። በጨዋነቴ ኮርቼ «በቃ የኔ ልጅ፤ ዝርዝሩን አልጠይቅሽም» አልኳት።

«ጋሼ፣ እኔኮ…»

«ግዴለሽም፤ አንቺ እሺ በይ ብቻ።»

«እሺ» አለች።

ያችን «እሺ» ስንት ጊዜ እንዳኘኳት እግዚአብሔር ያውቃል። የደሴ ልጅ አባቷ የሚያህል ሰው «እሺ በይ» ሲላት እሺ ከማለት ውጭ ምን ምርጫ አላት? ያን ጊዜ ግን ይህ አልታየኝም። የታየኝ ጥሩው ሱፌ ነው። ሽምግልና ልንሄድ ነው! ስንት ዓመት ሆኖኛል ለሽምግልና ከለበስኩት! ተፈራም የታክሲ ጃኬቱን አውልቆ ከረባት እንደሚያስር ቃል ገባ። ነገሩን እዚያው ወጠንነው። የአሮጊቷን ልጅ ቤቷ ድረስ ሄደን ይቅርታ እናስጠይቃለን፤ ይቅር ካለች ክስ የለም፣ ክስ ከሌለ ወረቀቱ ንጹሕ ነው። ተፈራ ደግሞ ጀርመን ወረቀት ይወዳል፣ ይቅርታው በጽሑፍም ይሁን አለ። ማን ይጻፈው? ይህማ አያጠያይቅም።

ደብዳቤውን በዚያው ሳምንት ቤቴ ተቀምጬ ጻፍኩ። አገራችን ይቅርታ ሲባል «በማወቅም ባለማወቅም ላጠፋሁት» ይባል የለ? መጀመሪያ እንደዚያው አድርጌ ገለበጥኩት። ሳነበው ጀርመንኛው ልፍስፍስ አለብኝ። «ባለማወቅ» የሚለው ሕፃን ያስመስላል፣ አወጣሁት። «ምናልባት» የሚለውም ሰውየው በራሱ የማይተማመን ያስመስላል፣ እሱንም አወጣሁት። የቀረው ቀጥ ያለ፣ የሚያምር አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ ስለ ጥፋቴ ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ለጥፋት «ሹልድ» የምትለዋን ቃል ተጠቀምኩ፤ ክብደት አላት፣ ጥፋትም በደልም ዕዳም ትሆናለች። ለተፈራ ሳነብለት «ይሄ ደብዳቤ ድንጋይ ያስለቅሳል» አለኝ። ወይንሸት እንድትፈርም ስሰጣት በሌባ ጣቷ ቃሏን ነካቻት።

«ጋሼ፣ ይቺ ሹልድ የምትለዋ ምንድን ናት?»

«የጨዋ አነጋገር ናት፤ ፈርሚ» አልኳት።

ፈረመች። ያ ጣት ዛሬም ዓይኔ ላይ ነው። የሰረቀ ሰው የሚፈርመው ወረቀት ላይ ምን እንደተጻፈ አሳምሮ ያውቃል፤ ትርጉም አይጠይቅም። እሷ ጠየቀችኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ብልቃጥ ላይ የተጻፈ ስም ሳላነብ ጠብታ ያላፈሰስኩ ሰው፣ ያንን ሳላነብ አለፍኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሄድን። የአሮጊቷ ልጅ ፍራው፣ ማለትም ወይዘሮ፣ ሊንደማን ትባላለች፤ እዚያው ሳክሰንሃውሰን ከእናቷ ቤት ሁለት መንገድ አልፋ ትኖር ነበር። በራፏ ፊት ያለው የፖም ወይን ጠጅ ቤት ግቢ በሰው ሞልቶ፣ ሰማያዊ ሥዕል ያለባቸው እንስራዎች ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞሩ ነበር፤ ያኔ ውስጥም ማጨስ ስላልተከለከለ የሲጋራና የኮመጠጠ ጎመን ሽታ መንገዱ ድረስ ይወጣል። እኛ በጥቁር ሱፍ፣ ተፈራ የክሬም ኬክ ይዞ፣ ወይንሸት ነጠላዋን አጣፍታ፣ በሰካራሞቹ መካከል አልፈን ደወል ተጫንን። በሩን የከፈተችው ሴትዮ ፊት እስካሁን ያስቀኛል፤ ያሳፍረኛልም። ሁለት ጥቁር ሱፍ የለበሱ ጥቁር ሽማግሌዎች አጎንብሰው ቆመዋል። የሞተ ሰው ሊያረዷት የመጡ መስሏት «እማማ?» አለች።

አስገባችን። ሶዳ ውሃ ቀዳችልን። ተናገርኩ። እንዴት አድርጌ ተናገርኩ መሰላችሁ፤ ስለ እናትነት፣ ስለ ስደት፣ ስለ ወጣትነት ስህተት። በመጨረሻ ወይንሸትን በዓይኔ ጠቀስኳት፤ ቀደም ብዬ «ጉልበት ሳሚ» ብያት ነበር። ልጅቷ ወደ ሴትዮዋ ጉልበት ስትወድቅ ሴትዮዋ ጮኻ ሶፋው ላይ ወጣች። ልትነክሳት የመጣች ነበር የመሰላት። ተፈራ ኬኩን ዘረጋላት። እኔ ደብዳቤውን ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው፤ ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ በአራት አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። «አመሰግናለሁ፤ ይህን መጻፍ ከባድ እንደነበር ይገባኛል» አለች።

ወጥተን ተቃቀፍን። ተፈራ «አለቀ በቃ» አለ። ትራም ላይ ወይንሸትን በመካከላችን አስቀምጠን ስለ ንግግሬ እናወራ ነበር።

ደብዳቤው መሳቢያ ውስጥ ያደረው ከቅዳሜ እስከ ሰኞ ነው። ሰኞ ፖሊስ እጅ ገባ። ፍራው ሊንደማንን ለዓመታት ስረግማት ኖሬያለሁ፤ የሽማግሌ ቃል አፈረሰች፣ ኬካችንን በልታ ካደችን እያልኩ። ሴትዮዋ ምን ቃል ገባች? ምንም። ወረቀት ሰጠናት፣ ወረቀቱን ወደሚመለከተው አካል ላከች። ልጅቷን አስሬ የሰጠኋት እኔ ነኝ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ቢጫው ፖስታ መጣ። እዚህ አገር ቢጫ ፖስታ የፍርድ ቤት ደብዳቤ ነው። ውስጡ ሽትራፍበፌል ነበር፤ ችሎት ሳይቀርቡ፣ ዳኛ ፊት ሳይቆሙ፣ በፖስታ የሚላክ ቅጣት ነው። ካልተስማማህ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተቃወም ይላል፤ ካልተቃወምክ ያው ፍርድ ሆኖ ይጸናል። የወይንሸት የሰማንያ ቀን ቅጣት ነበር። አትታሰርም፤ የሰማንያ ቀን ገቢዋን ትከፍላለች ማለት ነው። አዳራሹ ውስጥ ሳነብላት ሰልፉ ሁሉ ጆሮውን ቀስሮ ነበር። ድምፄን ዝቅ ማድረግ እችል ነበር፤ አላደረግሁም።

ቦርንሃይም ያለች አንዲት ወጣት ጠበቃ ዘንድ ወሰድኳት። አስተርጓሚው እኔው ነኝ። ጠበቃዋ ስስ፣ ፈጣን፣ ቡናዋን ቆማ የምትጠጣ ሴት ነበረች። እንዲህ አለች፦ «ስርቆት ማለት በሕጉ ዕቃው የሌላ ሰው ሆኖ፣ ከዚያ ሰው እጅ አውጥቶ፣ ለራስ ለማስቀረት አስቦ መውሰድ ነው። ሰጥተውኝ ነው ማለት ይቻላል። ልመልሰው ነበር ማለትም ይቻላል። አልነካሁትም ማለትም ይቻላል። ቅጣቱ ከገንዘብ እስከ አምስት ዓመት ይደርሳል፤ ራሱን መጠበቅ ከማይችል ሰው ሲሆን ደግሞ ይከብዳል። ሴትዮዋ የሚረሱ ናቸው፣ ቤቱ ውስጥ ሌሎች ሠራተኞችም ይገባሉ፣ ያየ ሰው የለም። ይህ ደብዳቤ ባይኖር ኖሮ መዝገቡን ዐቃቤ ሕጉ ራሱ ይዘጋው ነበር።» ከዚያ ደብዳቤውን በእስክሪብቶዋ ጫፍ ገፋ አድርጋ «ለመሆኑ ይህን የጻፈው ማን ነው?» አለች።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ጀርመንኛው በጣም ጥሩ ነው» አለች።

ወይንሸት ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ የተናገረችው። «ጋሼ፣ ይንገሩልኝ» አለች። «አልወሰድኩም። ሴትዮዋ ሰዓታቸውን አንዳንዴ ትራሳቸው ስር ያደርጋሉ። ሐሙስ አንሶላውን መስኮት ላይ አራግፌዋለሁ። ስለዚህ ምናልባት እኔ አጥፍቼው ይሆናል ነው ያልኩት። አጥፍቼው።»

አጥፍቼው። አንዲት «ው»። አጥፍቼ ካለች በድላለች፤ አጥፍቼው ካለች ዕቃው ከእጇ ጠፍቷል። እንባ የዋጣት «ው» ነበረች ማለት ነው፤ ወይም የእኔ ጆሮ የዋጣት። ይህን ለጠበቃዋ ተረጎምኩ፤ እየተረጎምኩ በልቤ ምን እንዳልኩ ልንገራችሁ፤ አንቺ ልጅ፣ ብልህ ነሽ አልኩ። አላመንኳትም። ያገኘችው ማምለጫ አስደነቀኝ እንጂ አላመንኳትም።

ጠበቃዋ ሰማንያውን ቀን ብትቀበል፣ የመጀመሪያ ቅጣቷ ስለሆነ፣ እስከ ዘጠና ቀን ያለው በፉሩንግስጾይግኒሱ ላይ እንደማይጻፍ አስረዳች። ወረቀቱ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል፤ ትምህርት ቤቱም ይተርፋል። ከተቃወመች ግን ጉዳዩ ችሎት ይቀርባል፤ ዳኛ ነጻ ሊለቃት ይችላል፤ ሊያከብደውም ይችላል። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ስተረጉም ፈጠን አልኩባት፤ ወይንሸት ሰምታት እንደሆነ እንኳ አላውቅም።

«ጋሼ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» አለችኝ።

«ሌባ ተብለሽ ልትኖሪ ነው?» አልኳት። «እኔ እመሰክርልሻለሁ። ስለ ቃሉ አስረዳለሁ።»

ለምን እንዳልኩ አውቀዋለሁ። ሽምግልናዬ ተዋርዶ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ሰው «የጋሽ ይልማ ደብዳቤ አስቀጣት» ይል ጀምሮ ነበር። ከፍራው ሊንደማን ጋር የነበረኝ እልህ ነው፤ የልጅቷ ሰማንያ ቀን ለእኔ ምኔም አልነበረም። ወይንሸት ጠበቃዋን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና «እሺ» አለች።

ችሎቱ ከኮንስታብለርቫኸ አደባባይ ጀርባ ባለው ሕንጻ ነበር። ምስክር ቃሉን እስኪሰጥ ውስጥ አይቀመጥምና ኮሪደር ላይ ጠበቅሁ። ግድግዳው የተቀቀለ ድንች መልክ ያለው ቀለም የተቀባ፣ አግዳሚው ጠንካራ ነበር። ወይንሸት ከጓደኛዋ የተዋሰችው ሰማያዊ ኮት እጅጌው ረዝሞባት፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ አስራ፣ በፊቴ አልፋ ገባች። ልትገባ ስትል ዞር ብላ አጎነበሰችልኝ። እኔ ማስታወሻዬን እያነበብኩ ነበር፤ ጠፋ፣ አጠፋ፣ ጥፋት፣ ጠፊ፣ ሁሉንም በሥርዓት አዘጋጅቼ ነበር።

ስጠራ ገባሁ። ዳኛዋ ሃምሳ ዓመት ገደማ የሚሆናት፣ ድምጿ ለስላሳ ሴት ነበረች። እውነት የመናገር ግዴታዬን አስታወሰችኝ፤ እኔ ሁልጊዜ እውነት እናገራለሁ ብዬ መለስኩላት። ከዚያ ትምህርቴን ጀመርኩ። ስለ አማርኛ ግሥ፣ ስለ «ው»፣ አሥር ደቂቃ ያህል ተናገርኩ። ኤርትራዊው የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ራሱን እየነቀነቀ አዎ፣ አዎ ይላል። ጠበቃዋ ፈገግ አለች። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለቆምኩበት ጉዳይ ሳይሆን ለአነጋገሬ።

«በጣም አመሰግናለሁ» አለች ዳኛዋ። «ገብቶኛል። አሁን፣ ያን እሑድ እርስዎ የሰሙት የትኛውን ነው? በ«ው» ነው ያለ «ው»?»

«ያለ ው» አልኩ።

«ደብዳቤው ላይ ምናልባት የሚል ቃል የለም። እሷ ብላ ነበር?»

«ብላለች። ሲጻፍ ደካማ ስለሚመስል አወጣሁት።»

«ወሰድኩ ብላዎት ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«ወስደሽ ነበር ወይ ብለው ጠይቀዋታል?»

«አልጠየቅናትም። በእኛ ዘንድ ነውር ነው።»

ዳኛዋ ጻፈች። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ፣ እንዲሁ እንደ ወሬ፣ «ንጹሕ ናት ብለው ቢያምኑ ኖሮ ይህን ደብዳቤ ይጽፉላት ነበር?» አለችኝ።

«አልጽፍም ነበር» አልኩ።

ጠበቃዋ ተነሳች። ያች ስስ ሴትዮ ልታድነን ነበር የተነሳችው፤ እኔንም ጭምር። «ዛሬስ? ይህን ሁሉ ካወቁ በኋላ ዛሬ ወስዳለች ብለው ያምናሉ?» አለች። የተፈለገብኝ አንዲት «ናይን»፣ አይደለም የምትል ቃል፣ ነበረች። አስተርጓሚው የጠየቀችኝን ለወይንሸት በጆሮዋ ነገራት፤ እሷም ዞራ አየችኝ። ተስፋ አድርጋ ነበር። አፌን ከፈትኩ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት በላቦራቶሪ ውስጥ የኮራሁባት ዓረፍተ ነገር ወጣች፦ «ያላየሁትን አልመሰክርም።»

መቶ ሃያ ቀን ፈረዱባት። ዳኛዋ ስታነብ፣ ቋንቋውን በዚህ ክፍል ካለ ሰው ሁሉ በላይ የሚያውቀው፣ ለተከሳሿም እንደ አባት የቀረበው ሰው ራሱ ንግግሯን እንደ እምነት ቃል መረዳቱን ጠቀሰች። የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነበር። አንድም ውሸት አልተናገርኩም፤ ይህ ነው የሚያንገበግበኝ። ዋሽቼ ባድናት ኖሮ ዛሬ ኩሩ ሰው እሆን ነበር።

ይግባኝ ማለት ትችል ነበር፤ ጠበቃዋም ለመነቻት፤ እምቢ አለች። ወረቀቱ ተጽፎበት ወጣ። ትምህርት ቤቱ ቦታዋን ለሌላ ሰጠ። መኖሪያ ፈቃዷ በየስድስት ወሩ የሚታደስ ጭንቀት ሆነ። ኋላ እንደሰማሁት ሳክሰንሃውሰን ካሉት ጠጅ ቤቶች በአንዱ ወጥ ቤት ድስት ስታጥብ ነበር፤ ጓንት እንኳ ሳታደርግ በዚያ በፈላ ውሃ። እሑድ እሑድ መምጣትም ተወች። የጠረጴዛዬ ሰልፍ ለጥቂት ጊዜ ሳሳ፤ ከዚያ እንደገና ሞላ፤ ደብዳቤ መቼም አያልቅም። ተፈራ እስኪሞት ድረስ ጥፋቱ የጠበቃዋ ነው ይል ነበር። እኔም ለብዙ ጊዜ አብሬው ብያለሁ።

ያን ዕለት ከችሎት ስንወጣ ኮንስታብለርቫኸ አደባባይ የገበሬዎች ገበያ ነበር። ቋሊማ ይጠበሳል፣ ሰው ቆሞ የፖም ወይን ይጠጣል፣ አንዲት ሴትዮ ሁለት ዩሮ ሁለት ዩሮ እያለች እንጆሪ ትሸጣለች። ጠበቃዋ እጃችንን ጨብጣ ሄዳለች። ወይንሸት ወደ ባቡሩ ደረጃ ስትራመድ ደረስኩባት። ማጽናናት ነበረብኝ፤ ይቅርታ መጠየቅም ነበረብኝ፤ ሌላውን ይቅርታ ማስጠየቅ ነበር የለመድኩት። የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነበር። ማወቅ ፈለግሁ። እጅጌዋን ያዝ አደረግኋትና ድምፄን አለስልሼ፣ በአማርኛ፣ «የኔ ልጅ፣ እንግዲህ አልቋል። አሁን የሚሰማን የለም። ለእኔ ብቻ እውነቱን ንገሪኝ፤ ወስደሽው ነበር?» አልኳት።

እጅጌዋን ቀስ ብላ ከእጄ አወጣች። እንደማታውቀው መንገደኛ በትሕትና አየችኝ።

«ይቅርታ፣ ምን እንደሚሉ አይገባኝም» አለችኝ፤ በጀርመንኛ።